የመከታ ዓመት፦ አንድ ውሻ፣ አራት ቤት፣ 30,980 ብር

ጥቅምት 2016 መጨረሻ ላይ ከግቢያችን የውኃ ሞተር ተሰረቀ። የምንኖረው ኮተቤ ነው፤ በአንድ ግቢ ውስጥ አራት ቤት። አከራያችን ጋሼ ዋናው ቤት ውስጥ ይኖራሉ። ከጓሮ ሦስት ተከራዮች አለን፦ እኔ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር፣ ሐጂያ ከልጆቻቸው ጋር፣ አንድ ባንክ የሚሠራ ወጣት ደግሞ ብቻውን። ሌባው በጓሮ አጥር ዘሎ ገብቶ ሞተሩን ፈታትቶ ሲወስድ አንዳችንም አልሰማንም። ጠዋት ቧንቧው ላይ የቀረው የተቆረጠ ጎማ ብቻ ነበር።

በዚያው ሳምንት ጋሼ ሰብስበውን ቡና እየጠጣን ጉዳዩን አነሱ። የወዳጃቸው ውሻ ወልዳለች። ቡችላ በነጻ ይሰጧቸዋል። «ሐበሻ ውሻ ነው፤ ምን ወጪ አለው ብላችሁ ነው? ትራፊ ይበላል» አሉ። ሁላችንም ተስማማን። ለማንኛውም ተብሎ በየወሩ ከየቤቱ 300 ብር እንዲዋጣ ወሰንን። አራት ቤት ነን፤ በወር 1,200 ብር ይሆናል። ገንዘብ ያዡ እኔ ሆንኩ። ልጄ ጀምራ የተወችውን ደብተር ወስጄ የመጀመሪያው ገጽ ላይ «የውሻ» ብዬ ጻፍኩ።

ይህን የምጽፈው ከዚያ ደብተር ላይ ነው። ዋጋዎቹ የእኛ ግቢና የዚያ ዓመት ናቸው፤ የናንተ ሰፈር ልኳንዳ ሌላ ዋጋ ሊጠራ ይችላል። ውሻ ለማምጣት ለሚያስብ ሰው ግን ከብሩ ይልቅ ወጪው መቼና ከየት እንደመጣ ቢያይ ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።

ቡችላው ኅዳር መጀመሪያ ላይ መጣ። ሁለት ወሩ ነበር። ቡናማ ነው፤ ደረቱ ላይ ነጭ ምልክት አለው። ልጆቹ መከታ አሉት። ገና በመጀመሪያው ሳምንት 2,550 ብር ወጣ። ሰንሰለቱና የአንገት ማሰሪያው 650 ብር ነበሩ። ቀሪው 1,900 ብር ለጎጆው ነው፤ ለቆርቆሮ፣ ለምስማር፣ ለጣውላና ለአናጺው። ጋሼ አሮጌ እንጨት ባይሰጡን ኖሮ ከዚያም በላይ ይሆን ነበር። የሁለት ወር መዋጮ ቡችላው እግሩን ሳያሳርፍ አለቀ። የጎደለውን 150 ብር ከኪሴ ጨመርኩ።

ቀጥሎ ክትባት መጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ክርክር ነበር። የባንኩ ልጅ «ሐበሻ ውሻ እኮ ነው፤ ጠንካራ ነው፤ ክትባት ምን ያደርግለታል?» አለ። ብዙ ሰው እንደዚህ ያስባል። እኔ ግን ልጆች አሉኝ። ወደ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ወሰድኩት። ሐኪሟ ሁሉንም በቀላሉ አስረዳችኝ። የቡችላ ጥምር ክትባት በሁለት ወሩ ይጀመራል፤ አራት ወር እስኪሞላው ድረስ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት እያለፈ ይደገማል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሦስት ወር ሲሞላው ይሰጠዋል፤ ከዚያ በየዓመቱ ይታደሳል። ጥምሩን በ900 ብር ሦስት ዙር ከተብነው፤ 2,700 ብር ሆነ። የእብድ ውሻው 400 ብር ነበር። ድምሩ 3,100።

እዚህ ላይ ሐሳቤን በግልጽ ልናገር። በደብተሩ ውስጥ ካሉት ወጪዎች ሁሉ ከማንኛውም በፊት መከፈል ያለበት ያ 400 ብር ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። በሰው ላይ ከሚደርሰው ደግሞ 99 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከውሻ ነው። የእብድ ውሻ መርፌ ይሰጥበት በነበረው ፓስተር ተቋም ተሰልፎ በየቀኑ ሆዱ ላይ የተወጋ ዘመድ የሌለው የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። ዛሬ መርፌው ተሻሽሏል። ያ ፍርሃት ግን በብዙዎቻችን ቤት አለ፤ መኖሩም ልክ ነው።

የሆድ ትል መድኃኒት እስከ ስድስት ወሩ በየወሩ፣ ከዚያ በየሦስት ወሩ ሰጠነው። ከቁንጫና ከመዥገር መድኃኒቱ ጋር በዓመት 1,380 ብር ፈጀ። ስለዚህኛው ብዙ የምለው የለኝም፤ ትንሽ ትንሽ እያለ የሚወጣ ስለሆነ አያምም።

ምግብ መጀመሪያ ላይ ጋሼ እንዳሉት ሆነልን። ቡችላ ስለነበር የሚበላው ትንሽ ነው። የገና ጾም ቢኖርም የሰፈራችን ልኳንዳ አልተዘጋም ነበር። ከገና በኋላ ደግሞ ጥምቀት፣ ሠርግ፣ ዝክር። ከአራት ቤት የሚወጣ ትራፊ ተርፎት ለጎረቤት ድመትም ይደርስ ነበር። ከኅዳር እስከ የካቲት ለወተት፣ ለዳቦና ለሳንባ በወር 500 ብር ገደማ አወጣን፤ በአራት ወር 2,000። ደብተሩን አየሁና ተረጋጋሁ። የመነሻው ወጪ ካለፈ መዋጮው ይበቃል ብዬ ለጋሼ ነገርኳቸው።

ትልቁ ስህተቴ ይሄ ነበር። ልኳንዳው ክፍት የነበረበትን አራት ወር አይቼ ዓመቱን ገመትኩ።

መጋቢት 2

በ2016 ዓቢይ ጾም የገባው መጋቢት 2 ነው። ረመዳንም በዚያው ቀን ጀመረ። በአንድ ሰኞ ግቢያችን በሙሉ ጾመኛ ሆነ። የሰፈሩ ልኳንዳ በሩን ዘጋ። ሰውየው ራሱ ቅዳሜ ዕለት ሲነግረኝ «ከፋሲካ በኋላ እንገናኝ፤ አጥንት ከፈለግህ ዛሬ ውሰድ» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ማቀዝቀዣችን ትንሽ ስለሆነች የወሰድኩት ሁለት ኪሎ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ለመከታ የሚሰጠው ምን ሆነ? ሽሮ። ምስር። ድንች ወጥ። ጎመን። ከሐጂያ ቤት ደግሞ ማታ ከአፍጥር የተረፈ ሾርባ። የሙስሊም ልኳንዳዎች ክፍት ናቸው፤ ከእኛ ግን በታክሲ ሁለት ጉዞ ይርቃሉ። በሳምንት አንድ ቀን እየሄድኩ ሳንባ አመጣ ነበር። የመጋቢት የምግብ ወጪ 1,300 ብር ሆነ። የቀረውን ትራፊው ሸፈነው። ሸፈነው ብዬ ነበር የማስበው።

ሚያዝያ 3 ጠዋት ለሥራ ስወጣ መከታ ወደ በሩ አልመጣም። ሁልጊዜ ሰንሰለቱን እየጎተተ ጫማዬን ያሸታል። ጎጆው ውስጥ ተኝቶ በዓይኑ ብቻ አየኝ። ከንፈሩን ገለጥ አደረግሁት። ድዱ ሮዝ መሆን ሲገባው እንደ ወረቀት ነጥቷል። ከጎጆው አጠገብ ሲሚንቶው ላይ የሸናው አልደረቀም ነበር። የአቦል ቡና የፈሰሰ ነው የሚመስለው። እንዲያ ጠቁሮ ነበር።

የባጃጅ ሹፌሮች ውሻ መጫን አይፈልጉም፤ እጥፍ ከፍለን ነው የሄድነው። ሐኪሟ ድዱን አየች፤ ደሙን ወሰደች። ከዚያ «ምን ትመግቡታላችሁ?» አለችኝ።

«ትራፊ።»

«የምን ትራፊ?»

«ጾም አይደል፤ ሽሮ፣ ምስር፣ እንደዚህ ያለ ነገር።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ወንድሜ፣ ሽንኩርት ነው ስትመግቡት የከረማችሁት» አለችኝ።

ይህን ፈጽሞ አላውቅም ነበር። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ነጭ ሽንኩርትም እንደዚሁ ነው። መብሰሉ ጉዳቱን አያጠፋውም። ከውሻው ክብደት 0.5 በመቶ የሚሆን ሽንኩርት በአንድ ጊዜ ከበላ ደሙ ላይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ትንሽ ትንሽ እያለ በየቀኑ ሲገባ ደግሞ ይጠራቀማል። መከታ በዚያን ጊዜ 14 ኪሎ ነበር። 0.5 በመቶው 70 ግራም ነው። ማታ ቤት ገብቼ ከሱቅ የመጣውን አንድ ኪሎ ሽንኩርት ቆጠርኩት፤ ዘጠኝ ፍሬ። አንዱ ፍሬ ከ100 ግራም ያልፋል ማለት ነው። ባለቤቴን አንድ ድስት ሽሮ ላይ ስንት እንደምትከትፍ ጠየቅኳት። «አራት፣ ሲያንስ ሦስት» አለችኝ። ከዚያ ዝም አልን። አራት ቤት፣ አንድ ወር።

እናንተም ለውሻችሁ ወጥ የነካው እንጀራ የምትሰጡ ከሆነ እባካችሁ ይህችን አንቀጽ ደግማችሁ አንብቧት። የእኛ ወጥ መነሻው ሽንኩርት ነው። የፍስክ ትራፊ ላይ አጥንትና ሥጋው ይበዛል፤ ውሻውም እሱን መርጦ ይበላል። በጾም የሚመርጠው ነገር የለም፤ ሁሉም ቁሌት ነው።

መከታ ለስድስት ቀን ተመላልሶ ታከመ። የደም ምርመራው 900 ብር፣ ግሉኮሱ፣ መድኃኒቱና የሐኪም ክፍያው 4,600፣ ባጃጁ 1,350። ድምሩ 6,850 ብር። ደሙ እንዲተካ የተቀቀለ ጉበትና እንቁላል ታዘዘለት። ጾመን ለውሻ ጉበት ስንቀቅል የሚያይ ይገረም ይሆናል፤ እኛ ግን ሲበላ ማየታችን ብቻ ያስደስተን ነበር። የሚያዝያ ምግቡ 3,300 ብር ደረሰ።

ደብተሩን ስደምረው ያየሁትን ልንገራችሁ። የሁለቱ ወር ምግብ 4,600፣ ሕክምናው 6,850፣ በአንድ ላይ 11,450 ብር። ከዓመቱ ወጪ ከሦስት እጅ አንድ እጅ በላይ የወጣው በአንድ ጾም ዙሪያ ነው። መነሻው ደግሞ በነጻ ያገኘነው ምግብ ነው።

ማን ይክፈል?

መዋጮው ካለቀ ቆይቷል። ጋሼ እንደገና ሰበሰቡን። የባንኩ ልጅ «የተስማማነው 300 ብር ነው» አለ። አልተሳሳተም። ተስማምተን የጻፍነው ነገር ስለ ሕመም አንድ ቃል የለውም። ጋሼ ትንሽ ቆጣ አሉ። ሐጂያ ናቸው ነገሩን ያበረዱት። ውሻ በእጃቸው አይነኩም፤ ልብሳቸውንም እንዲነካቸው አይፈልጉም። «ነፍስ ያለው ነገር ነው፤ አምጥተነው ሲታመም ዝም አንልም» ብለው የመጀመሪያውን 1,000 ብር አስቀመጡ። ከዚያ በኋላ ማንም አልተከራከረም። የባንኩም ልጅ የአቅሙን አወጣ።

እንደ ግል አስተያየቴ፣ የጋራ ውሻ ላይ ዋናው ጥያቄ የወር መዋጮው ስንት ይሁን የሚለው አይደለም። ሲታመም ማን ይከፍላል የሚለው ነው። ይህ ሳይነገር የሚያልፈው ቡችላው በሚመጣበት ቀን ስለሚያምር ነው፤ ሁሉም ሰው እየሳቀ ነው የሚቀበለው።

ከፋሲካ በኋላ የውሻ ድስት ተለየ። ከአሮጌ ዕቃ አንድ የተቆለመመ ብረት ድስት አገኘን። የበቆሎ ዱቄት፣ ሳንባ ወይም ቅንጥብጣቢ ሥጋ፣ አንዳንዴ ካሮት። ጨው የለም፣ በርበሬ የለም፣ ሽንኩርት በአጠገቡ አያልፍም። በሁለት ቀን አንድ ጊዜ ከሰል ላይ ይጣዳል። ይህ በወር 1,500 ብር ፈጀ፤ ከግንቦት እስከ ጥቅምት 2017 ባሉት ስድስት ወራት 9,000። ከትራፊው ውድ ነው። ግን ወሩ ሳይገባ ስንት እንደሚሆን አውቀዋለሁ።

ሳንባው በደንብ መቀቀል አለበት። አንድ ቀን ስከትፈው ውስጡ ውኃ የቋጠረ እባጭ ወጣ፤ የሎሚ ያህላል። ለሐኪሟ ደወልኩ። ውሻ እንዲህ ያለውን በጥሬው ሲበላ አንጀቱ ውስጥ ትል ይፈላበታል፤ ከዓይነ ምድሩ ጋር የሚወጣው እንቁላል ደግሞ ሰው ሆድ ከገባ ጉበትና ሳንባ ላይ ያንኑ የውኃ እባጭ ያበቅላል። ልጆቻችን መከታን ዳብሰው ነው እንጀራ የሚቆርሱት። ያንን ሳንባ ቀበርነው። ከዚያ ወዲህ በጥሬው የሚሰጠው ነገር የለም። የበሰለ የዶሮ አጥንትም አይሰጠውም፤ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል።

ሌላም ነገር ነበር። ድስቱ እኛ ቤት ስለሚጣድ ምግቡም በእኛ በረንዳ ይቀርብለት ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ማታ ሲፈታ እኛ ደጃፍ ብቻ መተኛት ጀመረ። ዋናው በር ባዶ። ጋሼ አይተው «ውሻ በበላበት ይጮኻል» አሉ። ልክ ናቸው። ሳህኑን ወስደን ዋናው በር አጠገብ አደረግነው፤ ማታ 12 ሰዓት ሲሆን በተራ እዚያ እናበላዋለን። ቦታውን ለመቀየር አንድ ሳምንት አልፈጀበትም። ይህኛው ያለ ምንም ወጪ ነው የተስተካከለው።

ሐምሌ ላይ የባንኩ ልጅ ሥራው ወደ ክፍለ ሀገር ስለቀየረው ለቀቀ። ክፍሉ ሁለት ወር ባዶ ሆነ፤ 600 ብር መዋጮ ቀረ። ነሐሴ ላይ ደግሞ ከወፍጮ ቤት ዱቄት ተሸክሞ የመጣ ልጅ በሩ ክፍት ሆኖ አግኝቶ ሲገባ መከታ ባቱን ያዘው። ቁስሉ ትንሽ ነው። በሳሙናና በወራጅ ውኃ 15 ደቂቃ አጠብነው፤ ከዚያ ቀጥታ ወደ ሕክምና። የመከታን የክትባት ካርድ ይዤ ነበር። ልጁ መርፌ ተጀመረለት። ውሻውን 10 ቀን አስራችሁ ጠብቁት ተባልን። ደህና ሆኖ አለፈ። ለትራንስፖርቱ፣ ለሕክምናውና ልጁ ሥራ ለፈታበት ቀን 1,500 ብር ከፈልን። ይቅርታም ጠየቅነው። በሩ ላይ «ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍ የሰቀልነው ከዚያ በኋላ ነው፤ መጀመሪያውኑ መሰቀል ነበረበት።

ዓመቱ ጥቅምት 2017 ላይ ሞላ። ደመርኩ፦ 30,980 ብር። በወር ሲካፈል 2,580 ገደማ። የተዋጣው 13,800 ነው። የጎደለውን 17,180 ጋሼ 8,000፣ እኛ 5,180፣ ሐጂያ 3,000፣ የባንኩ ልጅ 1,000 አድርገን ሸፍነነዋል። ጋሼ ደብተሩን መነጽራቸውን አድርገው ገጽ በገጽ አዩት። «በነጻ ያልኳችሁ እኔ ነኝ» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ሁለተኛው በጀት

ኅዳር 2017 ላይ ለአዲሱ ዓመት ስናቅድ ሌላ ነገር ገጠመን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ገበያው ተለቆ ነበር። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ክትባቱና የትል መድኃኒቱ ከውጭ ነው የሚገቡት። የእብድ ውሻ ክትባት ከ400 ወደ 650፣ ጥምሩ ከ900 ወደ 1,600 ገባ። ከውጭ የሚመጣውን ደረቅ የውሻ ምግብ ድሮም አንገዛም ነበር፤ አሁን ዋጋውንም አልጠየቅንም። ዱቄቱና ሳንባው ከአገር ውስጥ ናቸው፤ እነሱም ጨምረዋል፣ ግን እንደዚያ አይደለም።

በዚህ ጊዜ በወር ሳይሆን በዓመት አሰብነው። ለምግብ በአሥሩ ወር በየወሩ 1,900፣ በጾሙ ሁለት ወር በየወሩ 3,000፤ በድምሩ 25,000። ለሁለቱ ክትባት 2,250። ለትልና ለመዥገር 1,800። ለማኮላሸት 4,500፤ ይህን ሐኪሟ ናት የመከረችን። ማታ በር ሲከፈት እየሾለከ ይወጣል፤ ከሴት ውሾች ጋር ሲገናኝ የሚተላለፍ የብልት ዕጢ አለ፤ ሕክምናው በየሳምንቱ መርፌ ነው። ለድንገተኛ ደግሞ 6,000። ድምሩ 39,550 ሆነ። ለአራት ቤት በወር 825 ብር።

825 ሲባል ከፍ ያለ ነው። አዲሷ ተከራይ አስተማሪ ናት፤ ከመወሰናችን በፊት ነግረናታል። አስባበት መጣችና እሺ አለች። የድንገተኛው ገንዘብ ሐጂያ ዘንድ ይቀመጣል፤ ካልተነካ ለሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል። ክፍል ባዶ ከሆነ የዚያን ቤት ድርሻ ጋሼ ይከፍላሉ፤ የሚጠበቀው የእሳቸው ግቢ ስለሆነ ራሳቸው ናቸው ያሉት። ይህን ሁሉ ደብተሩ ላይ ጽፈን ፈርመናል።

የ2017 ዓቢይ ጾም የገባው የካቲት 17 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ ልኳንዳው ጋ ሄድኩ፤ አሥር ኪሎ ሳንባና ቅንጥብጣቢ ገዛሁ። ግማሹ በጋሼ ማቀዝቀዣ፣ ግማሹ በሐጂያ ገባ። ሐጂያ የየሳምንቱን ትኩስ እሳቸው ከሚገዙበት ልኳንዳ እንዲያመጡልን ተስማምተናል። ማክሰኞ ማታ ከሥራ ስገባ በሩ አጠገብ ባለው ምስማር ላይ ጥቁር ፌስታል ተንጠልጥሎ አገኘሁ። በትንሿ ልጃቸው እጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎበታል፦ «የመከታ። 2 ኪሎ። 240 ብር።» መከታ ከሥሩ ቁጭ ብሎ አንጋጦ ይጠብቃል። ብሩን ደብተሩ ላይ መዝግቤ ድስቱን ጣድኩ።